ከጨርቁ በታች የነበረው አምባር

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ልጆቹ ከኋላዬ «ነጎድጓዱ ንጉሡ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ጡረታ ስወጣም ቁጣዬ አብሮኝ ጡረታ አልወጣም። ይህንንም የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። አንባቢ ግን ቁጣዬን ብቻ ሰምቶ እንዳይተወኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ወደ ደሴ ለመሄድ መካነ ሰላም መናኸሪያ ነበርኩ። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ አንድ ሰዓት አስቀመጠን። የቀረው አንድ ሰው ሲመጣ ሌላ አንድ ሰው ይቀራል። በዚህ ብቻ ደሜ ፈልቶ ሳለ፣ በተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አንደኛው ነጭ ቆብ ያጠለቁ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ሃምሳውን የተሻገሩ ሴት ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ከመዳፍ እስከ ክርን በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ከጭናቸው ጎን ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉኝ ሽማግሌው።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ኸይር ነው? እጃቸውን ምን አገኛቸው?»

«ኸይር ነው፣ አልሀምዱሊላህ። እህቴ ኡምኩልሱም ናት። እኔ ሙሐሲን እባላለሁ። ሰኞ ዕለት ጀሪካን ተሸክማ ከምንጩ ስትወጣ ድንጋዩ አንሸራቷት በእጇ ወደቀች። አሁን ከወረኢሉ ወዲያ አንድ ወጌሻ አለ ብለውን ወደዚያው ልወስዳት ነው።»

«ሰኞ ወድቀው ዛሬ ረቡዕ?»

«ሰኞ ዝናብ ነበር። ትናንት ቅቤ ቀብተን ይቀልላል ብለን ጠበቅን። ዛሬ ሲነጋ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘን መጣን። ስብራት ነው፤ የት ይሄዳል?»

የሴትዮዋን ጣቶች አየሁ። ከጨርቁ ጫፍ የወጡት አራት ጣቶች አብጠው ቆዳቸው ያብለጨልጫል፤ ጥፍሮቻቸው ጠቁረዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን የጠቆረ ጥፍር ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ሐጅ» አልኳቸው፣ «ይህ ጨርቅ ጠብቋል፤ ጣቶቹን አይመለከቱም እንዴ?»

«ስብራት ያብጣል፤ አብሽር» አሉኝ፤ ነጠላቸውን ስበው የእህታቸውን እጅ ሸፈኑት። አሸፋፈናቸው የታመመ እጅ የሚሸፍን ሰው አሸፋፈን አልነበረም። አንድ ነገር የሚደብቅ ሰው ነበር የሚመስለው።

በዚያው ሰዓት የኔአለም በመናኸሪያው በር ስታልፍ አየኋት። የኔአለም በዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ያስለቀስኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ በከተማው ሆስፒታል ነርስ ሆና የአጥንት ሕሙማንን ትረዳለች። ጮክ ብዬ ጠራኋት። መጥታ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ሁሉንም ሰላም አለችና ከእትዬ ኡምኩልሱም ፊት ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? እጅዎን ላየው ይፈቅዱልኛል?»

ሐጅ ቀድመው መለሱ። «አይ ልጄ፣ ተጠቅልሏል። ወጌሻው ይፈታዋል።»

«አባቴ፣ ልፈታው አልጠየቅኩም፤ ጣታቸውን ብቻ ልይ።»

«አይተሽ ታዲያ ምን ልትይ ነው? ይቆረጥ ልትይ ነዋ። እናንተ የምታውቁት ቆርጦ መጣል ነው። ጣት ቢገማ ቆርጠው አይጥሉትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ አባቴ። ተረቱን የምወደውም ለዚህ ነው። ሐኪም ቤት እጅ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ሰው ዘግይቶ ሲመጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ የሚጠፋው የቆረጠው ነው፤ ያዘገየውን ማንም አያነሳውም። እኔ እማማን የማያቸው እንዳይቆረጥ ብዬ ነው።»

ሐጅ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ ከኪሳቸው አውጥተው ፍሬዎቹን ማሳለፍ ጀመሩ። የኔአለም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥራ የእትዬ ኡምኩልሱምን ግራ እጅ፣ ደህናውን፣ አነሳች። ጥፍሩን ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ነጣና ወዲያው ቀላ። ከዚያ የቀኙን ጥፍር እንዲሁ ተጭና ለቀቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ቆጠረች፤ መልኩ እየጎተተ ተመለሰ፤ ሲመለስም ቀይ አልነበረም፣ ሰማያዊ ነበር።

«ደም ወደ ጣቶቹ በግድ ነው የሚገባው፤ የገባውም መውጫ አጥቷል» አለች። እጇን በጨርቁ ላይ ስታሳልፍ ከአንጓው ከፍ ብሎ የሆነ ነገር ጠነከረባት። ፊቷ ተለወጠ። «እማማ፣ ከጨርቁ በታች ምንድን ነው ያለው?»

እትዬ ኡምኩልሱም ወንድማቸውን አዩ። ሐጅ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ወርቅ ነው፤ ዝም በሉ፣ መናኸሪያ ውስጥ ሌባ አለ» አሉ።

አንባቢ ይፍረደኝ። እጅ ሲሰበር አብጦ እንደሚወጠር ማንም ያውቃል። በሚያብጥ እጅ ላይ አምባር አስቀርቶ፣ አምባሩን ከሌባ ለመደበቅ በላዩ ላይ ጨርቅ አጥብቆ መጠቅለል፣ ከዚያም ያንን እጅ ወደ መሬት አንጠልጥሎ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግር ማምጣት! እኔ ይህን ስሰማ መናኸሪያው ሁሉ ዞር እስኪል ጮህኩ። «ሌባው አንቱ ነዎት!» አልኳቸው። «የእህትዎን እጅ የሰረቁት አንቱ ነዎት!»

ሐጅ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «መምህር ነህ መሰለኝ» አሉ በቀስታ። «ተማሪ መስዬህ ከሆነ ተሳስተሃል።»

የኔአለም እጄን ያዘች። «ጋሼ፣ እየተጋፈጡ አንድም ሰው አያሳምኑም። ሻይ ቤቱ ውስጥ እንግባ።»

ልክ ነበረች። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ጮኼ ስንት ልጅ ሒሳብ እንደገባው እግዜር ያውቃል። ገባን፤ መኪናዬም «አንድ ሰው የቀረው» እያለ ጥሎኝ ሄደ።

ጨርቁ ሲፈታ እትዬ ኡምኩልሱም ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ አልጮሁም። አምባሩ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ወፍራም ወርቅ ነው። ከግራና ከቀኙ ሥጋው አብጦ ሊውጠው ደርሷል። ባለ ሻይ ቤቷ አይታ ፊቷን አዞረች። የኔአለም እጁን ወዲያው ከፍ አድርጋ በእማማ ትከሻ ላይ አስደገፈችው።

«ይህ አሁኑኑ መውጣት አለበት። በሳሙና ሞክራችኋል?»

«አይወጣም» አሉ እትዬ ኡምኩልሱም። ድምፃቸውን የሰማሁት ያኔ ነው። «በሳሙናም አይደለም፣ በምንም አይወጣም። ምያለሁ ልጄ። ፈይዛ ሪያድ ናት፤ ሦስተኛ ዓመቷ። በመጀመሪያው ዓመት ለፍታ ይህን ላከችልኝ። ያን ቀን በወዳጃ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለዱዓ በተሰበሰበበት፣ ልጄ ደጄን እስክትረግጥ ይህ አምባር ከእጄ አይወጣም ብዬ ማልኩ። ዱዓውን ያደረገልኝ ይኸው ሐጅ ነው።»

«እና አምባሩ ከወጣ ፈይዛ ምን ትሆናለች?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሐጅ ናቸው የመለሱልኝ። «ጎረቤታችን ሙሉሐረግን አታውቃትም መምህር። ልጇ ከቤይሩት የላከችላትን ጉትቻ ሸጠች። በሳምንቱ የልጅቱ መርዶ መጣ፤ በሩ ተቆልፎባት ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ስትወርድ ወድቃ። ይህን በዓይናችን ያየን ሰዎች ነን። አንተ የተማርክ ነህ፣ ትስቅብናለህ። እኛ ግን ልጃችን እዚያ በሰው እጅ ናት። በእጃችን ያለው ይቺ አምባር ብቻ ናት።»

አልሳቅሁም። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የእውነት የተናደድኩት፤ ንዴቴም በእሳቸው ላይ አልነበረም። «ሐጅ» አልኩ፣ «የሙሉሐረግን ልጅ ጉትቻ አልገደላትም። የገደላት በሩን ቆልፎባት ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት እንድትወርድ ያስገደዳት ሰው ነው፤ ያሻገራት ደላላም አለበት። እነሱ በሰላም ይኖራሉ፣ ሙሉሐረግ ግን ጉትቻዬ ነው የገደላት ብላ ዕድሜ ልኳን ራሷን ትከስሳለች። ይህን ፍርድ ማን ፈረደባት? እኛ፣ ጎረቤቶቿ። አሁን ደግሞ በእህትዎ ላይ ልትፈርዱ ነው።»

ሐጅ ጺማቸውን ያዙ። «ጁምዓ ድረስ እንታገስ» አሉ በመጨረሻ። «ለፈይዛ ስልኳን የሚሰጧት ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። ትደውል፤ እንንገራት፤ እሷ ከፈቀደች ይውጣ። ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።»

«አባቴ» አለች የኔአለም፣ «እጁ ጁምዓን አይጠብቅም። ላስረዳዎት ይፈቀድልኝ። ክንድዎን በሌላው እጅዎ ይያዙና ጣቶችዎን ይጨብጡ፣ ይዘርጉ።»

ሐጅ መጀመሪያ አመነቱ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያዙና ጨበጡ፣ ዘረጉ።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ክንዴ ውስጥ ይንቀሳቀሳል።»

«ጣት ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ይመስለናል። አብዛኛው ጉልበት ያለው ግን ክንድዎ ላይ ነው። ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ በአውራ ጣት በኩል፣ አንዱ በትንሿ ጣት በኩል። መዳፋችንን ስንገለብጥ አንዱ በሌላው ላይ ይዞራል። ወድቀን እጃችንን ስንዘረጋ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው ነው፣ ልክ ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ እንደ እማማ እጅ። በአጥንቶቹ ላይ ያለው ሥጋ ጅማቶቹን እንደ ገመድ በአንጓው በኩል አሳልፎ ጣቶቹን ይጎትታል። አብረው ደም ስሮች ያልፋሉ፤ እንዲሁም ነርቭ፣ ማለትም ትኩስና ቀዝቃዛውን፣ ሻካራና ለስላሳውን የሚነግረን። ይህ ሁሉ የሚያልፍበት በር ጠባብ ነው። እጅ ሲያብጥ በሩ ይጠብባል። አምባር ሲጨመርበት ይዘጋል። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል አባቴ፤ ደም ያጣ ሥጋና የታነቀ ነርቭ ግን ሰዓት ነው የሚቆጥሩት።»

«ግን እኮ ሕመሟ ከትናንት ማታ ጀምሮ ቀንሷል» አሉ ሐጅ። «ጣቶቼን አያመኝም እያለች ነው። ይህ መዳን አይደለም?»

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ፤ ይህም እንደዚያው ነው። የኔአለም ሐጅ በእጃቸው ወደያዙት ሙስበሃ አመለከተች።

«እኔ አልሞክረውም፤ እርስዎ ይሞክሩት። እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አባቴ፣ ሙስበሃውን በግራ እጃቸው ጣቶች ላይ ያስቀምጡ።»

አስቀመጡ። «ሙስበሃ ነው» አሉ እትዬ ኡምኩልሱም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «የሐጅ ሙስበሃ።»

«አሁን በቀኙ፣ በሌባ ጣታቸውና በመሃል ጣታቸው ላይ።»

ሐጅ የሙስበሃውን ፍሬዎች በእህታቸው ጣቶች ላይ አሳለፉ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ጫን አድርገው ሦስተኛ ጊዜ። እትዬ ኡምኩልሱም ዓይናቸውን ጨፍነው በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር።

«አስቀመጥከው ወይስ ገና ነህ?» አሉ።

ሐጅ ሙሐሲን ሙስበሃውን ይዘው ቀሩ። ያን ፊት ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሊቆጣቸው አይችልም። እኔ ግን አሁንም አፌን መያዝ አልቻልኩም፣ ቀጠልኩ።

«ሐጅ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስለ መሐላችሁ ልናገር አልችልም። አንቱ ግን ያውቃሉ። በሃይማኖታችሁ፣ ሰው ምሎ መሐላው ወደ ጉዳት ቢወስደው መውጫ የለውም?»

«ከፋራ አለ» አሉ ሐጅ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «የመሐላ ካሳ ነው። አሥር ሚስኪን ያበላል፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል።»

«ይህን መቼ አወቁት?»

«ልጅ ሆኜ፣ ቁርአን ስቀራ።»

«ታዲያ ከሰኞ ጀምሮ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ፈራሁ» አሉ። «ዱዓውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አውልቂው ብያት ፈይዛ አንድ ነገር ብትሆን፣ ይቺ እህቴ ፊቴን ታያለች? እጇን ነው ያስያዝኩት መምህር፣ እኔ እንዳልጠየቅ ብዬ።»

እነሆ ነገሩ። የእኛ አገር ልማድ ብዙውን ጊዜ በዕውቀት ማጣት የሚኖር ይመስለናል። አይደለም። የሚያውቀው ሰው አለ፤ ተጠያቂ እንዳይሆን ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ክብር ይባልለታል።

የኔአለም ወደ እትዬ ኡምኩልሱም ዞረች። «እማማ፣ እኔም ሐጅም መምህርም ብዙ ተናገርን። እጁ ግን የእርስዎ ነው። ምን ይላሉ?»

እትዬ ኡምኩልሱም ዓይናቸውን ገልጠው የወንድማቸውን እጅና ሙስበሃውን አዩ። «እናት አለሽ?» ብለው የኔአለምን ጠየቁ።

«አለችኝ።»

«ወርቅ ገዝተሽላት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም እማማ። ሻሽ ነው የገዛሁላት።»

«ያንን ሻሽ እጇ ላይ አስራ እጇ ቢወልቅ ምን ትያታለሽ?»

የኔአለም ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ በዚህ ጥያቄ ግን ድምፇ ከፍ አለ። «በጣም እቆጣታለሁ» አለች። «የገዛሁልሽ እጅ ስላለሽ ነው እላታለሁ።»

እትዬ ኡምኩልሱም አንገታቸውን ነቀነቁ። «ያረቢ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉ፣ ወደ ወንድማቸውም ሳያዩ። «ሰው ጥሩና ቁረጡት። አሥሩን ሚስኪን እኔ አበላለሁ፤ ጾሙንም እጾማለሁ፣ ሁለቱንም።»

ወርቅ ሠሪው ያሲን ከመናኸሪያው ማዶ ነው ሱቁ። ቀጭን መጋዙን ይዞ እየሮጠ መጣ። አንድ ስስ ብረት በአምባሩና በቆዳው መካከል በጥንቃቄ አሾልኮ፣ ሥጋው እንዳይነካ በዚያ ላይ መጋዝ ጀመረ። ሐጅ «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳይበላሽ» አሉት፤ ያሲንም ቀና ሳይል «ሐጅ፣ ወርቅ ቢቆረጥ እበይደዋለሁ። ሰው መበየድ ግን አልተማርኩም» አላቸው። በሁለት በኩል ቆረጠው። ሁለተኛው ሲላቀቅ እትዬ ኡምኩልሱም ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ፤ ደሙ ሲመለስ ያምማል። የኔአለም ግን ፈገግ አለች። ሕመሙ መልካም ዜና ነበር።

በእግራችን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን፤ እጁን ከልብ ከፍ አድርገን እየያዝን። ራጅ ተነሣ፤ አጥንቱ የኔአለም እንዳለችው በአውራ ጣት በኩል ተሰብሮ ወደ ኋላ ዞሯል። ሐኪሙ አደንዝዞ ስቦ አስተካከለውና ጀሶውን ዙሪያውን ሳይዘጋ በአንድ ጎን ብቻ አደረገላቸው፤ እብጠቱ ገና ስለሆነ መተንፈሻ ያስፈልገዋል አለን። ሦስት ጊዜ ጥፍራቸውን ተጫነ። ሦስተኛው ላይ ቀላ ብሎ ተመለሰ።

ጁምዓ ዕለት ፈይዛ በኢሞ ደወለች። እትዬ ኡምኩልሱም ገና ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ እኔም ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። እናቷ ጀሶውን ከብርድ ልብስ በታች ደብቀው በደህናው እጃቸው ስልኩን ያዙ። ልጅቱ ግን ወዲያው ነቃችና «እማ፣ ያ እጅሽ የታል?» አለች።

ሐጅ ሙሐሲን ስልኩን ተቀበሉ። ምንም ሳይሸሽጉ ነገሯት፤ ሰኞን፣ ቅቤውን፣ ጨርቁን፣ ወርቁን ከሌባ መደበቃቸውን፣ ከፋራን እያወቁ ዝም ማለታቸውን። ፈይዛ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ የተናገረችውን እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«አጎቴ፣ እኔ እዚህ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት በእጄ ነው የምሠራው። የሰው ቤት አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ሽማግሌያቸውን አነሳለሁ። ጣቴ በሳሙና ተላልጦ ደም ሲወጣው፣ እናቴ ግን በእጇ እፎይ ትላለች እያልኩ እበረታለሁ። እናንተ ያንን እጅ በእኔ ስም አነቃችሁት። እማ፣ እኔ መቼ በእጅሽ ማዪልኝ አልኩ? አምባሩን እንዳትቸገሪ ሽጪው ብዬ እንጂ እንድትታሰሪበት ብዬ ላክሁት?»

ሐጅ ስልኩን ወደ እህታቸው አዞሩት። «አሁን ጣቶችሽን አንድ በአንድ አንቀሳቅሺልኝ» አለቻት እናቷን። እትዬ ኡምኩልሱም ከጀሶው የወጡትን ጣቶች ወደ ስልኩ አቅርበው አንቀሳቀሱ፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት። ልጅቱ እስከ ትንሿ ጣት ቆጥራ ስትጨርስ ነው ያለቀሰችው።

ሐጅ ሙሐሲን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። በቀጣዩ ወዳጃ ላይ እኔም የኔአለምም ተጋብዘን ሄድን። ዱዓው ካለቀ በኋላ ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ ቃላቸውን እንዳለ ነው የምጽፈው።

«ጀመዓ፣ ስሙኝ። እኔ ስሕተቴን አልሸሽግም። እጅ ሲመታ ወይም ሲሰበር፣ ቀለበትም ይሁን አምባር ወይም የታሰረ ክር፣ ሳያብጥ ያኔውኑ ይውለቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። የተሰበረው እጅ እንዳይወዛወዝ በለስላሳ ነገር ላይ አሳርፉት፤ ብታስሩትም ጣት እንዲያስገባ አላልታችሁ እሰሩ፣ የጣቶቹ ጫፍ ይታይ። እጁን ደረት ላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ አታንጠልጥሉት። አትሹት፣ ቅቤም አይጠግነውም። ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ሁለት እስክትቆጥሩ ቀይ ካልሆነ፣ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ፣ ወይም ሲዘረጉት ሕመሙ ነፍስ የሚያወጣ ከሆነ፣ ወጌሻ ሳትሉ፣ ጁምዓም ሳትሉ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱ። በማጭድ የተቆረጠ እጅ ላይ አፈር አትነስንሱ፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ተጫኑት። ደሙ ቆሞ ጣቱ አልታጠፍ ካለ ጅማቱ ተቆርጧል፤ ቁስሉ ሲድን ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ሕፃንንም በአንድ እጁ አንጠልጥላችሁ ቦይ አታሻግሩ፤ ክርኑ ይወልቃል፣ ይህን እኔ ራሴ በልጅ ልጄ አድርጌዋለሁ። መሐላ የማለ ሰው መሐላው ሰው የሚጎዳ ከሆነ መውጫ አለው፤ የሚያውቅ ሰው ይንገር። እኔ እያወቅኩ አልተናገርኩም።»

አንድ ሽማግሌ «ሐጅ፣ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆንክ?» ብለው አሾፉ። ሐጅም «እህቴ ሙስበሃዬን ሳታውቀው ከቀረች ወዲህ» አሏቸው፤ ሳቁ በዚያው ቆመ።

ጥቅሙ ሳይውል ሳያድር ታየ። በዚያው ዓመት የገብስ አጨዳ ላይ ደሳለው የሚባል ገበሬ ከክምር ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሆስፒታል ሲደርስ የብር ቀለበቱ ወልቆ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እጁም በሰሌን ቁራጭ ላይ አርፎ ደረቱ ላይ ላላ ብሎ ታስሯል፤ ጣቶቹ ቀይ ነበሩ። በስድስት ሳምንቱ ጀሶው ተፈታለት፣ ጥቂት ቆይቶም ሞፈር ያዘ። አንዲት ሴትም ማጭድ ጅማቷን ቆርጦት በዚያው ቀን ወደ ከተማ መጣች፤ ደሴ ተልካ ተሰፋላት፣ ዛሬ ጣቷን ታጥፋለች። ከሐጅ መንደር የሚመጣ በሽተኛ በሰዓቱ ነው የሚመጣው ትለኛለች የኔአለም። እኔም ደስ ይለኛል፤ ግን አንድ ሽማግሌ ለመማር የእህቱ እጅ ያስፈልገው ነበር ወይ እያልኩ ዛሬም እቆጣለሁ።

የእትዬ ኡምኩልሱም አጥንት በደንብ ገጠመ። እጃቸው ይጨብጣል፣ ያነሣል፣ ይሸከማል። ሁለቱ ጣቶች ግን፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት፣ ጫፋቸው እንደደነዘዘ ቀረ። ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩን አይለዩትም። ሐኪሙ ምናልባት በጊዜ ብዛት ይሻሻል ይሆናል ብሏል፤ ምናልባትም አይሻሻል ይሆናል።

በዚህ ዓመት ከሮመዳን በፊት ፈይዛ ተመለሰች። እኔም በዕለቱ ተጠርቼ በቤቱ ነበርኩ። ልጅቱ በሩን አልፋ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ከእናቷ ፊት ተንበረከከች። እትዬ ኡምኩልሱም ቀኝ እጃቸውን ሰደው ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ዳበሱ። ከዚያ ቆም አሉ። ቀኝ እጃቸውን አወረዱና ያንኑ ጉንጭ በግራ እጃቸው እንደ አዲስ ዳበሱት።

ፈይዛ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ሐጅ ሙሐሲን ግን አይተው ወደ ውጭ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አጥሩን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሁለት ቀን ነው መምህር» አሉኝ።

«አዎ ሐጅ፣ ሁለት ቀን» አልኳቸው።